የቻርጅ ዋጋ በግልጽ ይለጠፍ

ክቡር አዘጋጅ፣

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ መሀል አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ፈላጊው በዝቷል። ጣቢያዎችም እየተከፈቱ ነው፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ዋጋቸው ግን የጓዳ ምስጢር ሆኗል። ነዳጅ ማደያ ስንገባ የሊትሩን ዋጋ ማሽኑ ላይ እናነባለን። ካዛንቺስ አካባቢ አንድ ጣቢያ ገብቼ ሠራተኛውን ስንት እንደሆነ ብጠይቀው «መጀመሪያ ይሰኩት፣ ሒሳቡ ስልክዎ ላይ ይመጣል» አለኝ። ዋጋ ሳይነግሩ የሚሸጡበት ገበያ የት አለ?

አንዱ በኪሎዋት ሰዓት (በተሞላው ኤሌክትሪክ መጠን)፣ ሌላው በደቂቃ ሲያስከፍል ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ባትሪው 80 በመቶ ገደማ ሲደርስ፣ ጉዳት እንዳይደርስበት ሲባል ፈጣኑ ቻርጅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በደቂቃ የሚከፍል ሰው ታዲያ የመጨረሻዋን 20 በመቶ በወርቅ ዋጋ ይገዛታል። በደቂቃ የማስከፈሉ ዓላማ ወረፋ ማሳጠር ከሆነ፣ ሞልቶ ቦታ የያዘውን መኪና መቅጣት ይበቃል።

ውድድር ዋጋ ያወርዳል የሚሉ ወገኖች ልክ ናቸው፤ ያልታየ ዋጋ ግን በምን ይወዳደራል? በአንዱ ጣቢያ የስልክ መተግበሪያ ቀድሞ ገንዘብ ያስገባ ደንበኛም ወደ ጎረቤቱ ለመሄድ እጁ ይታሰራል። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተመን ይቁረጥልን አልልም፤ ትራንስፎርመሩም ቦታውም ውድ መሆኑን አውቃለሁ። የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ከመንገድ በሚነበብ ሰሌዳ እንዲለጠፍና የተረፈ ሒሳብ ለደንበኛው እንዲመለስ ግን ያስገድድልን።

አንባቢያችሁ፣ ከካዛንቺስ