ለትርንጎ፦ ስለ ሾተላይና ስለ ጥር 22

ሜልቦርን፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለትርንጎ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እማማስ? ልጁስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሽልኝን የእርግዝና ክትትል ካርድሽን ፎቶ አይቼዋለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ሁሉ ስለ እሱ ነው። ረጅም ስለሆነ ባንድ ጊዜ አያልቅልሽም፤ ስትጨርሺው ለባልሽ ለይሄነው ስጪው፤ እሱም የሚሠራው ሥራ አለበት።

ካርዱ ላይ የደም ዓይነት በሚለው ቦታ «ኦ ኔጌቲቭ» ተጽፏል። ከዚያ በታች ያለው መስመር ባዶ ነው፤ ያስጻፈኝም ያ ባዶ መስመር ነው። ካርዱን የሞሉልሽ ሰዎች «ሾተላይ አለብሽ» ብለው እንዳስደነገጡሽ ነግረሽኛል። አማትሽ ደግሞ «የመጀመሪያው ልጅ ደህና ወጥቶ የምን ሾተላይ ነው» ብለዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

«ኔጌቲቭ» የሚለው ስለ አር ኤች ነው፤ አር ኤች ማለት በቀዩ ደም ላይ ያለ፣ ዲ የሚሉት ምልክት ነው። ያለው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጌቲቭ ይባላል። ኔጌቲቭ መሆን በሽታ አይደለም፤ በአገራችን ከአሥር ሰው አንድ እንኳ ባይሞላም ያለ ነገር ነው። ልጁ ዲን ከአባቱ ከወረሰና ከደሙ ጥቂት ወደ አንቺ ካለፈ ግን ሰውነትሽ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ይሠራበታል። ያ መከላከያ አንዴ ከተሠራ ዕድሜ ልክ አይጠፋም።

በእርግዝናው ጊዜ የሁለታችሁን ደም የእንግዴ ልጁ ለይቶ ይይዘዋል። በብዛት የሚያልፈው በወሊድ፣ የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ነው። መከላከያው እስኪዘጋጅ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ልጁ ወጥቶ ጡት ይዟል። መጀመሪያ የሚሠራው ዓይነትም ትልቅ ስለሆነ የእንግዴ ልጁን አያልፍም። በሚቀጥለው እርግዝና ግን ሰውነትሽ ያስታውሳል፤ ቶሎ ይሠራል፣ የሚሠራውም ትንሹንና የሚያልፈውን ነው። ያኔ የልጁ ደም በሆድ ውስጥ እያለ ይፈርሳል፤ ደም ያንሰዋል፣ ልቡ ይደክማል፣ ሰውነቱ ውሃ ይቋጥራል። በእኛ አገር «የበኩሩ ቀረላት፣ የኋለኞቹን ሾተላይ ወሰዳቸው» የሚባለው ይኸው ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ደህና መውጣት የነገሩ ጠባይ ነው፤ ማረጋገጫ አይሆንም። ይህን ለአማትሽ በዚህ ቃል ንገሪያቸው።

(ተከታትሎ የሚሞት ጽንስ ሁሉ ከዚህ የመጣ አይደለም። ቂጥኝም፣ ስኳርም፣ የደም ግፊትም ያደርጉታል። ደሟ ፖዘቲቭ የሆነች ሴት «ሾተላይ አለብኝ» ብላ ብትመጣ ከታች የምነግርሽ የሾተላይ መርፌ ምንም አይረዳትም።)

መጀመሪያ የደም ዓይነቱ ይደገም። አመራመሩን ቆመሽ ማየት ትችያለሽ። በነጭ ሸክላ ወይም በመስታወት ላይ ሦስት ቦታ የደምሽን ጠብታ ያደርጋሉ፤ በአንደኛው ላይ ፀረ ኤ፣ በሁለተኛው ፀረ ቢ፣ በሦስተኛው ፀረ ዲ የሚባል ፈሳሽ ይጨምራሉ፤ ከዚያ በእንጨት እያማሰሉ ሸክላውን ያወዛውዙታል። የተቆረጠ ወተት መስሎ ፍርፍር ካለ ምልክቱ አለ ማለት ነው። የአንቺ ሦስቱም ሳይፈርፈሩ ልስልስ ብለው ከቀሩ ኦ ኔጌቲቭ ነሽ። ፈሳሹ ጊዜው ያለፈበት ወይም ሙቀት ያገኘው ከሆነ ግን ፖዘቲቩም ሰው ኔጌቲቭ መስሎ ይወጣል። ለዚህ ነው ሌላ ላብራቶሪ ይድገመው የምለው። ይሄነውም በዚያው ይመርመር። እሱም ኔጌቲቭ ከሆነ ልጁ ኔጌቲቭ ነው፤ ጭንቀቱ አለቀ። ፖዘቲቭ ከሆነ ወደሚቀጥለው እንሂድ።

ባዶው መስመር የኩምብስ ምርመራ ነው፤ ያ መከላከያ በደምሽ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ሙሉ ስሙ ኢንዳይሬክት ኩምብስ ይባላል። ሾተላይ አለብሽ የለብሽም የሚለውን የሚነግርሽ እሱ ብቻ ነው። አንቺ አንድ ወልደሻል፣ ዓምና ደግሞ በሦስት ወር ወርዶብሽ ተጠርገሻል፤ ለሁለቱም መርፌ አልተወጋሽም። ስለዚህ ምርመራው ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም። በየጤና ጣቢያው አይሠራም፤ ምርመራው ደብረ ማርቆስ ሪፈራል ሆስፒታል መኖሩን አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ፤ ከሌለ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ጠይቁ። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ተነሡ፤ ቀጠሮ እየጠበቃችሁ አትቆዩ።

የኩምብሱ ውጤት ፖዘቲቭ ከመጣ መከላከያው ተሠርቷል፤ መርፌው ያኔ አይጠቅምም። የጠፋ ገንዘብ ነውና ማንም «ለማንኛውም ተወጊው» ቢልሽ አትግዢ። የሚጠየቀው የመከላከያው መጠን ነው፤ 1 ለ 8፣ 1 ለ 16 እያሉ ይጽፉታል። 1 ለ 16 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በአልትራሳውንድ በልጁ ጭንቅላት ያለው የደም ፍጥነት በዶፕለር መለካት አለበት፤ ደሙ ያነሰ ልጅ ደሙ ቀጥኖ ይፈጥናል። ያኔ የስፔሻሊስት ጉዳይ ነው፤ ደውይልኝና አብረን እንመክራለን።

ኔጌቲቭ ከመጣ ግን፣ ተስፋ የማደርገውም ይህንን ነው፣ ከዚህ በኋላ ያለው በእጃችን ነው። መርፌው አንቲ ዲ ይባላል፤ የሾተላይ መርፌ የሚሉትም አሉ። ከልጁ ያመለጠውን ደም የአንቺ ሰውነት ሳያየው ዱካውን ጠርጎ ያጠፋዋል። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ያለ መድኃኒት ነው። የሚሠራው ከሰው ደም ነው፤ እዚህ አውስትራሊያ ጄምስ ሃሪሰን የሚባል ሰው ከ1,100 ጊዜ በላይ ለዚሁ ደሙን ሰጥቶ በፈረንጅ 2025 ነው ያረፈው። «የወርቅ ክንድ» ይሉት ነበር፤ አይበዛበትም።

የመጨረሻ ወር አበባሽ የጀመረው ሐምሌ 11 ነው ብለሽኛል። እንግዲያው ዛሬ 18 ሳምንት ሞላሽ። 28ኛው የሚሞላው ጥር 22 ነው፤ የአስተርዮ ማርያም ማግስት ስለሆነ አይረሳሽም። የመጀመሪያው መርፌ ያን ቀን ወይም በዚያው ሳምንት ነው። ወሩ የሠርግ ወር ስለሆነ ሰው ሁሉ ድግስ ላይ ይሆናል፤ ስለዚህ መርፌው በጥር መጀመሪያ ተገዝቶ ይቀመጥ። ከመወጋትሽ በፊት ኩምብሱ እንደገና ይታይ። ከተወጋሽ በኋላ ከተመረመርሽ ግን መርፌው ራሱ ደካማ ፖዘቲቭ ያሳያልና ላብራቶሪው የተወጋሽበትን ቀን ይወቅ። የመውለጃሽ ቀን ሚያዝያ 16 ነው፤ ከፋሲካ 12 ቀን በኋላ።

አገዛዙን ይሄነው ልብ ብሎ ያንብብ። ብልቃጡ ላይ 300 ማይክሮግራም ወይም 1500 ዩኒት ይላል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ አንድ ማይክሮግራም አምስት ዩኒት ነው። እዚህ 625 ዩኒት በ28 እና በ34 ሳምንት ሁለቴ ይሰጣል፤ እናንተ ዘንድ ባንዴ 1500 ነው፤ መንገዱ ሲታሰብ የእናንተው ይሻላል። ጊዜው ማለፉን እዩ። ከዚያ «ፍሪጃችሁ ትናንት ማታ መብራት ነበረው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አትፈሩ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶ ከሆነ ደግሞ ይጣላል። የምትይዙት የክትባት ሳጥን ከሆነ ብልቃጡን በጨርቅ ወይም በካርቶን ጠቅልላችሁ ከበረዶው ለዩት፤ ከበረዶው ጋር ተጣብቆ የመጣ መርፌ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በዚህ ነው። ደምበጫ ስትደርሱ ጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጅ ውስጥ ስምሽን ጽፈው እንዲያስቀምጡልሽ ለምኑ። እኔ ከዚህ ልላክ ያልሁት ቀርቷል፤ ሁለት ቀን በሻንጣ ውስጥ የተጓዘ መርፌ ውሃ ነው። ለሁለት ብልቃጥ የሚሆን ብር በባንክ ልኬያለሁ። ሁለት ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ ለጥር፣ አንዱ ለወሊድ ነው።

የሚወጋው ክንድሽ ጡንቻ ላይ ነው። መቀመጫ ላይ ከሆነ ስብ ውስጥ ይቀርና በደንብ አይገባም። ከተወጋሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት እዚያው ተቀመጪ።

ከጥር በፊትም ሆነ በኋላ ደም ካየሽ፣ ከበቅሎ ከወደቅሽ፣ ከብት ሆድሽን ከመታሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በ72 ሰዓት ውስጥ ሂጂ፤ ተጨማሪ መርፌ ሊያስፈልግ ይችላል። ሆድሽን የሚያሹ ሴቶች ደግሞ አሉ፤ «ልጁ ተንጋሏል፣ ላቅናው» ይላሉ። እጃቸውን ስሚላቸው እንጂ ሆድሽን አትስጪያቸው። ሆድ ሲታሽ የእንግዴ ልጁ ሊላቀቅና ደም ሊያልፍ ይችላል።

ስለ ወሊዱ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ወደ እናቶች ማቆያ ግቢ፤ ቤት ውስጥ ከወለድሽ የልጁን ደም የሚመረምር የለም። ልጁ እንደ ወጣ ከተቆረጠው እትብት ደም ይወሰዳል፤ የልጁ የደም ዓይነት፣ ዳይሬክት ኩምብስ (መከላከያው በልጁ ደም ላይ መለጠፉን የሚያየው) እና ሄሞግሎቢን ይታይበታል። ይህን ለአዋላጇ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ እትብቱ ከተጣለ በኋላ ልጁን መውጋት ይመጣል። ልጁ ኔጌቲቭ ከሆነ ሁለተኛው መርፌ አያስፈልግሽም። ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ አንቺ ትወጊያለሽ፤ ልጁ አይወጋም። በጥር ወር የተወጋሽው መርፌ ለዚህ አይበቃም። ላብራቶሪው ለበዓል ተዘግቶ ቢሆን ውጤት እየጠበቁ ሰዓቱን ከማሳለፍ ሳይመረመር መወጋት ይሻላል። ሦስቱ ቀን ቢያልፍ እንኳ «አለፈ» ብለሽ አትተይው፤ እስከ አሥር ቀን ይሰጣል፣ ኃይሉ ግን ይቀንሳል።

አንዱ ብልቃጥ የሚጠርገው 30 ሚሊ ሊትር ያህል የልጅ ደም ነው፤ ግማሽ ሲኒ በይው። መንታ ከሆነ፣ በቀዶ ጥገና ከወለድሽ ወይም የእንግዴ ልጁ በእጅ ከወጣ ከዚያ በላይ ሊያልፍ ስለሚችል «አንዱ ይበቃል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ሳይወጉ ቢቀር ምን ያህል ያሰጋል ላልሽኝ፦ የልጁ ኤ፣ ቢ፣ ኦ ከእናቱ ጋር ሲስማማ ከ100 እናቶች 16 ያህሉ መከላከያ ይሠራሉ። ከወሊድ በኋላ ብቻ ሲሰጥ ወደ 1 ወይም 2 ይወርዳል፤ በ28 ሳምንት ሲጨመርበት አንድም አይሞላም። አንቺ ኦ ስለሆንሽ ልጁ ኤ ወይም ቢ ቢሆን የራስሽ ደም ቀድሞ ስለሚያጠፋው አደጋው ይቀንሳል፤ ግን በእሱ ተማምነሽ መርፌ አትተይ።

ልጁን በመጀመሪያው ቀን እዩት። ቤታችን ጨለማ ነው፤ በር ላይ፣ በቀን ብርሃን አውጥታችሁ ግንባሩን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ቆዳው ነጣ ብሎ ሳይሆን ቢጫ ሆኖ ከተመለሰ፣ ያም 24 ሰዓት ሳይሞላው ከሆነ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ቢጫው ከራስ ወደ እግር ይወርዳል፤ መዳፉና ውስጥ እግሩ ከደረሰ በጣም ዘግይታችኋል። ጡት መያዝ እንቢ ካለ፣ ከፈዘዘ፣ በቀጭን ድምፅ ካለቀሰ፣ ወደ ኋላ ከተለጠጠ ነገሩ ወደ አንጎል እየሄደ ነው። የጠዋት ፀሐይ የሆስፒታሉን ሰማያዊ መብራት አይተካም። ጡትሽ አይጎዳውም፤ አጥቢው፣ ቅቤ አታስውጡት። የታመመ ልጅ ከሆነ ደግሞ ቢጫው ካለፈ በኋላም እስከ ሦስት ወር ደም ሊያንሰው ይችላልና ለክርስትናው ስትወጪ ሄሞግሎቢኑንም አስለኪ።

የደም ጉዳይ አለ። ብትደሚ የሚሰጥሽ ኦ ኔጌቲቭ ብቻ ነው። ወንድሞቻችን ሁለቱም ይመርመሩ፤ ከአንድ ማህፀን ስለወጣን ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ኔጌቲቭ የሆነው ስልኩን በካርድሽ ጀርባ ይጻፍ። ፖዘቲቭ ደም ነፍስ ለማዳን ካልሆነ አይሰጥሽ፤ እሱም ሾተላይ ያመጣል።

እማማ፣ ይህን ለእርስዎ ነው። ጸበሉን አልከለክልም፤ ክታቡም አንገቷ ላይ ቢሆን ማንንም አይጎዳም። የሚጠጣ ሥር ግን ይቅርባት። ጥር 22 ቀን እርስዎ ራስዎ ይዘዋት ይሂዱ፤ እርስዎ ካሉ «ነገ ተመለሱ» የሚል የለም።

ትርንጎ፣ የኩምብሱን ወረቀት እንደ ወጣ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ቁጥሩ በደንብ ይታይ።

እህትሽ እታገኝ