ጠረጴዛው ላይ ለተውሽልኝ ጥያቄ

የኔ አበባ፣

ማታ ወደ ሥራ ስወጣ ጠረጴዛው ላይ የተውሽልኝን ወረቀት አየሁት። «እማ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ተማሪዎች ምን ይለብሱ ነበር? አንቺ የምትሠሪበት የአረጋውያን ቤት ያሉትን አዛውንቶች ጠይቂልኝ፣ ለታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው» ይላል። ጠይቄልሻለሁ። አሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ሁሉም ተኝተዋል፣ ደወል የሚያሰማም የለም። በአማርኛ ነው የምጽፍልሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን የተማርሽው ፊደል ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? ወደ ጀርመንኛ መመለሱ ያንቺ ድርሻ ነው።

የጠየቅኋቸው ሁልጊዜ «ልጅሽ እንዴት ናት?» የሚሉኝን እናት ነው። እዚሁ ፍራንክፈርት በ1939 የተወለዱ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፣ እንዳትሳሳቺ። በመጋቢት 1944 የከተማው አሮጌ ክፍል በቦምብ ሲነድ የእሳቸውም ቤት ከነቁም ሣጥኑ፣ ከነስፌት መኪናው ተቃጠለ። ትምህርት የጀመሩት እንግዲህ በለበሱት ልብስና ሰው በሰጣቸው ነው።

ልብስ በካርድ መሸጥ የጀመረው ጦርነቱ እንደተነሣ፣ በ1939 መጨረሻ ነው። ካርዱ ላይ ነጥብ ነበረው፣ እያንዳንዱ ልብስ ይህን ያህል ነጥብ ተብሎ ይቆረጥልሻል። ጦርነቱ ሲያልቅ ካርዱ ነበር፣ ጨርቁ ግን አልነበረም። እናቶች ጨርቅ ያሉት ታዲያ ምን መሰለሽ? የወታደር ካፖርት፣ የወታደር ብርድ ልብስ፣ የፓራሹት ሐር፣ መጋረጃ፣ የስኳር ጆንያ። የእኒህ እናት የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ካፖርት ከግራጫ የወታደር ብርድ ልብስ በእጅ የተሰፋ ነበር። አንገታቸውን እየበላ ስላስቸገራቸው እናታቸው ኮሌታውን በመጋረጃ ቁራጭ ለበጡላቸው። ዝናብ ሲነካው የፈረስ ሽታ ይሸታል። ይህን ሲነግሩኝ አፍንጫቸውን ያዝ አደረጉ፣ 80 ዓመት ሙሉ ሽታው አልለቀቃቸውም ማለት ነው።

ሹራብ ደግሞ ተተርትሮ እንደገና ይሠራ ነበር። የአባት ሹራብ የልጅ ይሆናል፣ የልጁ ሲጠበው የእግር ሹራብና ጓንት ይሆናል። ክሩ ተተርትሮ ሲወጣ የተጠማዘዘ ስለሆነ፣ አጥበው በወንበር ጀርባ ላይ ጠምጥመው ያቃኑታል። ይህን ስሰማ አያትሽን አየኋት ልበልሽ። እሷም ደሴ የእኔን ሰማያዊ ሹራብ ስትተረትር ክሩን የምትጠመጥመው በሁለቱ እጆቼ ላይ ነበር፣ እጄን ዘርግቼ ቁጭ ብዬ።

አሁን ፎቶ ላይ የማይታየውን ልንገርሽ። ላይብሸን የሚሉት ነገር ነበር፦ እንደ ሰደርያ ያለ፣ ከውስጥ የሚለበስ፣ ከኋላ በቁልፍ የሚዘጋ። ከታች ጠርዙ ላይ ላስቲክ ተንጠልጥሎ እስከ ጭን የሚደርሰውን የሱፍ ካልሲ ይይዛል። ወንዱም ሴቱም ይለብሰው ነበር፣ ምክንያቱም ትንንሽ ወንዶች በብርዱም ቢሆን ቁምጣ ነው የሚለብሱት። ከኋላ ስለሚቆለፍ ልጅ ብቻውን መልበስ አይችልም፣ ጠዋት ጠዋት እህትና ወንድም ተሰልፈው አንዱ የሌላውን ጀርባ ይቆልፋሉ። ካልሲው ከላስቲኩ ጋር የሚያያዘው በትንሽ ቁልፍ ነው። ቁልፉ በጠፋ ቀን በቦታው አንድ የፔኒግ ሳንቲም ያስገባሉ! ካልሲው እንዴት ያሳክክ እንደነበር ሲያስታውሱ ግን ፊታቸው ይኮሳተራል። ወንዶቹ ከሁሉም በላይ የሚጠሉት እሱን ነበር፣ ከቁምጣው በታች ላስቲኩ ብቅ ሲል ያፍራሉ።

ለመምህርሽ ዋናው ነገር ይሄ ይሁን የምልሽ ግን ቀዩ ቀሚስ ነው። በሂትለር ጊዜ ባንዲራ ያልተሰቀለበት መንገድ አልነበረም። ባንዲራው ደግሞ ጥሩ ጥጥ፣ ደማቅ ቀይ ነው። መንግሥቱ ሲወድቅ ብዙ እናቶች መካከሉ ላይ የተሰፋውን ነጭ ክብ ከነስዋስቲካው፣ ከናዚዎቹ ጠማማ መስቀል ጋር፣ በምላጭ ተርትረው አወጡና ከቀዩ ለሴት ልጆቻቸው ቀሚስ ሰፉ። የእኒህ እናት ቀሚስም እንደዚያ ነበር። ቀዩ ጨርቅ በፀሐይ ስለደበዘዘ፣ ነጩ ክብ የነበረበት ቦታ ብቻ እንደ አዲስ ደምቆ ቀረ። እናታቸው የቱን ያህል እያዞሩ ቢቆርጡትም የክቡ ግማሽ በጀርባቸው በኩል ወጣ። ክፍላቸው ውስጥ ቀይ የለበሱ ሌሎች ልጆችም ነበሩ። ማንም ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፣ ሁሉም ያውቃል። «እኔ ግን ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ነበር የምቆመው» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ እኔም ትራሳቸውን አስተካክዬ ትንሽ ዝም አልኩ። ልጄ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ናት እኮ። ባንዲራውን አልሰቀለችውም፣ አልመረጠችውም፣ ግን ለብሳው ትምህርት ቤት ሄደች። ስትጽፊው ይህን ብቻ ቸኩለሽ አትለፊው።

ጫማው ሌላ ችግር ነበር። ተረከዙና ሶሉ እንጨት የሆነ ጫማ ይለበሳል፣ ወይም ከአሮጌ የመኪና ጎማ ሶል ይቆረጥለታል። በሙቀቱ ወራት በባዶ እግር ነው የሚኬደው። የ1946 መጨረሻና የ1947 መጀመሪያ ብርድ እጅግ የከፋ ስለነበር የድንጋይ ከሰል ጠፍቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በተከፈቱትም ልጆች ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነው የሚማሩት። ሕንፃው ስለፈረሰ ትምህርቱ በፈረቃ ነበር፣ ልክ እንደ እኛ አገር ጠዋትና ከሰዓት። የእኒህ እናት ወንድም ጠዋት ይማርና ሮጦ ይመለሳል፣ እሳቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል፣ እሱ ያወለቀውን ጫማ ከነሙቀቱ ተጫምተው ይሄዳሉ። በሦስት ቁጥር ስለሚበልጣቸው ጫፉ ላይ ጋዜጣ ይጠቀጥቃሉ።

ቦርሳቸው ላይ ሁለት ነገር ይንጠለጠላል። አንደኛው የድንጋይ ሰሌዳቸውን የሚጠርጉበት ጨርቅና ስፖንጅ ነው፣ ደብተር እንደልብ አይገኝምና። ሁለተኛው የሽቦ እጀታ ያለው ቆርቆሮ ነው። በየካቲት 1947 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር መጥተው ሁኔታውን ካዩ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በአሜሪካና በእንግሊዝ ይዞታ ሥር ለነበሩ 3.5 ሚሊዮን ያህል ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ምግብ ማደል ተጀመረ። ሾርባ፣ ገንፎ፣ አንዳንዴ ካካዎ። «መንገዱ ሁሉ ሲንቋቋ ይሰማል» ይላሉ። ቆርቆሮው ካፖርታቸው ላይ ያፈሰሰው የካካዎ ጠብታ መቼም አልለቀቀም።

ከዚያ በሰኔ 1948 ገንዘቡ ተለወጠ። ለአንድ ሰው 40 አዲስ ማርክ ተሰጠ፣ በማግሥቱ የሱቆቹ መስኮት ሞልቶ አደረ። ጨርቁ እስከዚያ የት ነበር? ይህን ሲጠይቁ ዛሬም ይናደዳሉ። አዲስ ጫማ አገኙ፣ የራሳቸው፣ ቡናማ። ከዚያ በኋላ ያለው ያን ያህል አይከብድም። ወንዶቹ የቆዳ ቁምጣ ይለብሳሉ፣ ከወንድም ወደ ወንድም የሚተላለፍ፣ የማይታጠብ። ሴቶቹ ቀሚስ ላይ ሽርጥ ያደርጋሉ። ልብስ ሁሉ ሰፋ ተደርጎ ይሰፋና በየዓመቱ ጠርዙ እየተፈታ ይረዝማል፣ የድሮው እጥፋት ግን እንደ መስመር ይታያል። ሴት ልጅ ሱሪ መልበስ ነውር ነበር። ብርድ ሲጸና ሱሪ ቢለብሱ እንኳ ከላዩ ቀሚስ መደረብ አለበት።

አንቺ ደግሞ ሁሌ የምትጠይቂኝን ጠየቅሁልሽ፦ ለምን ጀርመን ዩኒፎርም የለም? እዚህ ድሮም የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልማድ አልነበረም። እሳቸው ግን ሌላም ነገር ጨመሩልኝ። ታላቅ ወንድማቸው በ10 ዓመቱ የሂትለር ወጣቶችን ልብስ ለብሷል፣ ግዴታ ነበርና። ከጦርነቱ በኋላ ጥቁር ቁምጣውን ምልክቱን ገንጥሎ ትምህርት ቤት ለበሰው፣ ሌላ ስላልነበረው። «ልጆችን አንድ ዓይነት አልብሰው ሲያሰልፉ ካየሁ ዛሬም ሆዴ ይረበሻል» ይላሉ። በምሥራቅ ጀርመን በኩል ግን ከ1948 መጨረሻ ጀምሮ ፒዮኒር የሚባለው የኮሚኒስቶቹ የልጆች ድርጅት አባላት ነጭ ሸሚዝ ለብሰው አንገታቸው ላይ ሰማያዊ ስካርፍ ያስሩ ነበር። እኔ ደሴ ዩኒፎርሜን እወደው ነበር፣ የሀብታሙንም የድሃውንም ልጅ አንድ ያደርግልን ነበርና። ይህን ነገርኳቸው። አልተስማማንም፣ ግን ተግባባን።

በመጨረሻ «አንቺስ በእግርሽ ምን ነበር?» አሉኝ። በረባሶ አልኳቸው፣ ከመኪና ጎማ የሚሠራ ነው ብዬ በጣቴ ብርድ ልብሱ ላይ ሣልኩላቸው። እጄን ይዘው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

የቀዩን ቀሚስ ፎቶ አስቀምጠውታል፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ለእኔ አላሳዩኝም፣ «ለልጅሽ ራሴ አሳያታለሁ» ብለዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንመጣለን፣ ደብተርሽን ያዢ። ፍርፍሩ ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀሽ ብዪ። እኔ ስገባ አንቺ ወጥተሻል።

እናትሽ