የሥነ ፈለክ ክበብ፦ ጁፒተርን ስናሳድድ የከረምንበት ዓመት

ዓመቱን የጀመርነው ትምህርት ቤት ሳይከፈት ነው። ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ስለነበር ጥቂት የክበቡ አባላት ከወላጆቻቸው ጋር ግቢያችን ውስጥ ተሰበሰቡ። ክረምቱ ገና አልወጣምና ደመናው አስጨነቀን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ገለል ሲል ጨረቃ ሸክላ መስላ ቀልታ ታየች። በመሬት ጥላ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የቆየችው 82 ደቂቃ ነው፤ እኛ ያየነው ግን አሥሩን አይሞላም። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚከፈት የኮከብ ምሽት የማዘጋጀት ሐሳብ የተነሳው ያን ሌሊት ነው።

ቴሌስኮፕ ያለን አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን አንድ የቀድሞ ተማሪያችን አዋሰን። ፕላኔታሪየሙን፣ ማለትም የሰማይ ትርኢት በጣሪያው ላይ የሚታይበትን ጎጆ፣ ግን ልጆቹ ራሳቸው ሠሩት። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን የፕላስቲክ ቱቦ አጉብጠው ጎጆ አበጁ፤ ውስጡን ነጭ አቡጀዲ፣ ውጩን ጥቁር ጨርቅ አለበሱት። የሰፉልን የአንዲት ተማሪያችን እናት ናቸው። ፕሮጀክተሩን በመንገድ መታጠፊያ ላይ በሚሰቀለው ዓይነት ጎባጣ መስታወት ላይ ስናበራው ሰማዩ ጣሪያውን ሞላው። ትርኢቱን የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ጽፈው ተረኩት። በ2012 ዓ.ም. ቡና የሚል ስም የወጣለትን ኮከብና እሱን የምትዞረውን ፕላኔት አቦልን ሲያሳዩ፣ ሰሌኑ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ከጨለማው ውስጥ «ቶናዋና በረካዋስ?» ብለው ጠየቁ። ተራኪዋ እስካሁን ስም የወጣላት አንዷ ብቻ መሆኗን በትሕትና ነገረቻቸው።

የኮከብ ምሽቱ ጥር 16 ቀን ሆነ። ጨረቃ ግማሽ ልትሆን ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ የጉድጓዶቿ ጥላ ጎልቶ የሚታየው እንዲህ ስትሆን ነው። ሳተርን ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ቀለበቷ ዘንድሮ በጠርዙ ወደ እኛ ስለዞረ እንደ ክር ቀጥኖ ታየ፤ የመጽሐፉን ሥዕል ጠብቀው የመጡ ልጆች ቅር አላቸው። ቀለበቱ ከዓመት ዓመት እየሰፋ እንደሚታይ ነግረናቸዋል።

ጁፒተር ላይ ያለውን ቴሌስኮፕ የያዘው ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ቴሌስኮፑ ሞተር የለውም። ስለዚህ ፕላኔቱ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከቴሌስኮፑ እይታ ይወጣል፤ ልጁም በየሰዉ መሐል እያጎነበሰ ይመልሰዋል። ተራቸው የደረሰ አንድ አዛውንት የጁፒተርን ጨረቃዎች በአንድ መስመር ተሰልፈው አዩና ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«ሄደብኝ እኮ ልጄ» አሉ።

«እሱ አልሄደም አባባ፤ የዞርነው እኛ ነን።»

አዛውንቱ እግራቸው ሥር ያለውን መሬት ተመለከቱ። «እስቲ መልሰውና ስንዞር ልየው» አሉት። መለሰላቸው። ከኋላቸው ወረፋው እስከ ግቢው በር ደርሷል፤ ማንም አልተነጫነጨም። ጁፒተር ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ሲንሸራተት እስኪያበቃ ድረስ አዩ። መሬት በራሷ ዛቢያ እንደምትዞር ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ያን ያህል ግልጽ አድርጎ ሲያስረዳ ያየሁት ግን ይህን ልጅ ነው።

ያስቸገረን የስልክ መብራት ነው። ዓይን ጨለማውን በደንብ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ አንድ ብልጭታ ሁሉንም ያበላሸዋል። በሚቀጥለው ዓመት ስልክ በር ላይ ይቀመጣል፤ የአስተናባሪዎች ባትሪም ቀይ ፕላስቲክ ይለብሳል። ጎጆውም ስለሚታፈን የአየር መውጫ ያስፈልገዋል።

የክበቡ ትልቁ ሥራ ወደፊት ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በአገራችን ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ ይታያል። ፀሐይን ያለ ትክክለኛ ማጣሪያ፣ በባዶ ዓይንም ሆነ በቴሌስኮፕ፣ ማየት ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ከመስከረም ጀምረን ካርቶን በመርፌ እየበሳን የፀሐይን ምስል ወረቀት ላይ ማሳረፍ እንለማመዳለን። መመዝገብ የምትፈልጉ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፊዚክስ ላቦራቶሪ ኑ፤ ካርቶን ይዛችሁ ብትመጡ ደግሞ ደስ ይለናል።