ለደንበኞቻችን፦ ፕሮግራማችን ፊደል ሲቆጥር ምን ይቆጥራል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ደውላችሁም ቢሮ ድረስ መጥታችሁም ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን ነገር አለ። «በእጄ ስቆጥር የማገኘውና የእናንተ ፕሮግራም የሚሰጠኝ ለምን አይገናኝም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መጽሐፍ የምታሳትሙ፣ መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁ፣ ረጅም የስም ዝርዝር የምትይዙ ሁሉ ሥራችሁ በዚህ ቁጥር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልናስረዳችሁ ወደድን።

አቆጣጠሩ ራሱ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ከዜሮ ይነሳል። ጽሑፉን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ያያል። የተባለውን ሲያገኝ አንድ ይጨምራል። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ለዚህ «ካውንት» የሚባል ዝግጁ ትእዛዝ አለ፤ በአንድ መስመር ያልቃል። የሁሉንም ፊደል ብዛት በአንዴ ስትፈልጉ ደግሞ ለየፊደሉ ጽሑፉን እንደ አዲስ ማንበብ አያስፈልግም። አንዴ እያነበበ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ድምር ይይዛል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥሩ ብቻ ነው። ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሀ 4608 ነው፤ ለ 4616፤ ሉ 4617። ለ እና ሉ ለእኛ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ በቃ።

ይህን ዓረፍተ ነገር እዩት፦ «ሰሎሞን ለልጁ ልብስ ገዛለት።» ለ ስንት ጊዜ አለ? ማሽኑ 2 ይላል፤ አንዱ «ለልጁ» ላይ፣ አንዱ «ገዛለት» ላይ። መምህር ቢቆጥረው ደግሞ ሎ እና ሁለቱን ል ጨምሮ 5 ሊል ይችላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የተጠየቁት ጥያቄ ነው የተለያየው።

ቤተሰቡን በሙሉ መቁጠር ለአማርኛ ምቹ ነው፤ ዩኒኮድ ፊደሎቻችንን በስምንት ስምንት መደዳ ደርድሯቸዋልና። ከፊደሉ ቁጥር ላይ 4608 ቀንሳችሁ ለ8 ስታካፍሉ ሙሉ ቁጥሩ መደዳውን፣ ቀሪው ደግሞ ግዕዝ ይሁን ካዕብ ይሁን ሳልስ ይነግራችኋል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ፕሮግራመር የሚስተው ነገር አለ። ሏ ከነ ለ ጋር በስምንተኛው ቦታ ተቀምጣለች። ቋ ግን ከነ ቀ መደዳ ውስጥ የለችም፤ ቀጥሎ ባለው መደዳ ከነ ቈ ጋር ናት። ስለዚህ የ«ቀ»ን ቤተሰብ በስምንት ብቻ የሚቆጥር ፕሮግራም «ቋንቋ» የሚለውን ቃል ሰጥታችሁት ዜሮ ይላችኋል! የ«ኋላ» ኋ፣ የ«ኳስ» ኳ፣ የ«ጓደኛ» ጓም እንደዚያው ናቸው። የእኛ ፕሮግራም እነዚህን ከየቤታቸው ጋር አብሮ ይደምራል።

ከሁሉም በላይ የሚያነታርከን የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ፣ ኀይሉ፦ አንዱ ሰው በአራት ዓይነት ይጻፋል። ለማሽኑ አራት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ በአማርኛ ስናነባቸው አንድ ድምፅ ናቸው። አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓም እንዲሁ። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም አሉ። ዩኒኮድ እነዚህን አንድ ናቸው ብሎ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚያቀራርባቸውን ሰንጠረዥ ራሳችን ሠርተናል። የስም ዝርዝር ለሚይዙ ደንበኞች ይህን አማራጭ እንድትጠቀሙ አጥብቀን እንመክራለን።

የግዕዝ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ግን ተጠንቀቁ። በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ እንደሚባለው። ሰረቀ ደግሞ ሌብነት ነው። እነዚህን አንድ አድርጎ መቁጠር ሥራችሁን ያበላሻል። በሁሉም ሁኔታ ፕሮግራሙ ፊደሎቹን የሚያቀራርባቸው ለቆጠራ ብቻ ነው። የጻፋችሁትን አይነካም። የደንበኛን ጽሑፍ ሳያስፈቅድ «የሚያርም» ፕሮግራም እኛ በጽኑ እንቃወማለን።

ዓረፍተ ነገር የምትቆጥሩ ደግሞ አራት ነጥብ ላይ ነው የምትቸገሩት። ብዙ ሰው ። ከመጻፍ ይልቅ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል፦ ፡፡ እንዲህ። ለዓይን ያው ነው። ለማሽኑ ግን አራት ነጥብ የለም፤ ሁለት ሁለት ነጥብ ነው ያለው። ስለዚህ ፕሮግራማችን መጀመሪያ ጥንድ ሆነው የመጡትን ወደ አራት ነጥብ ይወስዳል፤ ከዚያ ይቆጥራል። ነጠላውን ሁለት ነጥብ አይነካም፤ በቃላት መካከል የምታስቀምጡ አላችሁና።

«ፊደሉ 18 ነው ካላችሁ ፋይሉ ለምን 48 ባይት ሆነ?» ያላችሁንም እንመልስ። ባይት ኮምፒውተር የማከማቻ ቦታን የሚለካበት አሃድ ነው። ከላይ ያለው የሰሎሞን ዓረፍተ ነገር 14 ፊደል፣ አንድ አራት ነጥብና 3 ባዶ ቦታ አለው፤ በድምሩ 18። ዩቲኤፍ 8 የሚባለው የፋይል አጻጻፍ ዘዴ እያንዳንዱን ፊደላችንን፣ አራት ነጥቡንም፣ በ3 ባይት ያስቀምጣል፤ ባዶ ቦታን በ1። 45 እና 3፣ 48። አንዳንድ የፕሮግራም ቋንቋ ርዝመት ስትጠይቁት ባይቱን ነው የሚመልሰው። 50 ባይት ብቻ የተፈቀደለት የስም ሳጥን ከ16 የአማርኛ ፊደል በላይ የማይዘውም ለዚህ ነው። አጭር የጽሑፍ መልእክትም በእንግሊዝኛ 160፣ በአማርኛ 70 ላይ የሚቆረጠው ከዚሁ ከባይት የተነሳ ነው፤ አንዱ መልእክት 140 ባይት ነው፣ የእኛ ፊደል እዚያ ላይ በዩቲኤፍ 8 ሳይሆን በሌላ ዘዴ ስለሚጻፍ 2 ባይት ይወስዳል።

አንድ ነገር ቀረን። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ስክሪን ላይ አማርኛ ይምሰል እንጂ ውስጡ የላቲን ፊደላት ቁጥሮች ናቸው። እንዲህ ዓይነት ፋይል ላይ ቆጠራው ዜሮ ካላችሁ አትደንግጡ፤ ላኩልንና እንቀይርላችኋለን።

ከአሁን በኋላ የቆጠራው ገጽ ላይ ሦስት ምርጫ ታገኛላችሁ፦ ፊደሉን ብቻ፣ ከነቤተሰቡ፣ ከነሞክሼው። ውጤቱ አሁንም ከጠበቃችሁት ከተለየ አንድ አንቀጽ በእጃችሁ ቆጥራችሁ፣ ከነቁጥሩና ከመረጣችሁት ምርጫ ጋር ላኩልን። ያንኑ አንቀጽ እኛም ቆጥረን ልዩነቱ የትኛው ፊደል ላይ እንደሆነ እንነግራችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሶፍትዌር ክፍላችን