የክፍል ቀረጻ የመምህሩ ይሁን

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ትምህርት ጥራት ክርክር በተነሳ ቁጥር «በየክፍሉ ካሜራ ይተከል» የሚል ሐሳብ ብቅ ይላል። ደጋፊውም ተቃዋሚውም የሚያወራው ስለ ቁጥጥር ነው፦ መምህሩ ገባ፣ አረፈደ፣ ቀረ። ለዚህ ካሜራ አያስፈልግም፤ የፊርማ ሰሌዳ ይበቃል። ቀረጻ ማስተማርን የሚያሻሽለው መምህሩ በራሱ ፈቃድ ቀርጾ፣ የሚታየውን ራሱ መርጦ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሲመረምረው ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ድዋይት አለንና ባልደረቦቹ «ማይክሮቲቺንግ» ሲጀምሩ ዕጩው መምህር ለጥቂት ተማሪዎች አጭር ትምህርት ይሰጣል፣ ይቀረጻል፣ ቀረጻውን ከአሠልጣኙ ጋር ያያል፣ ዕቅዱን ያስተካክላል፣ ከዚያ ለሌሎች ተማሪዎች እንደገና ያስተምረዋል። ጥቅሙ ያለው በመጨረሻው እርምጃ ላይ ነው። ማይክሮቲቺንግ የሚለው ስም እንዳለ ሆኖ እንደገና ማስተማሩ ከተዘለለ የሚተርፈው ጓደኛ ፊት ቆሞ መተወን ብቻ ነው።

ወደ ቀረጻው ልግባ። ስልክ በቂ ነው፤ የሚያስቸግረው አቀማመጡ ነው። ከኋላ ግድግዳ ጋር ከተቀመጠ የሚታየው የተማሪዎች ማጅራትና የመምህሩ ፊት ነው። ሰው ይዞት የሚከታተል ከሆነ ደግሞ መምህሩን ተከትሎ ይዞራል፤ ተማሪው ሲያስብ፣ ሲያመነታ፣ የጎረቤቱን ደብተር ሲያይ ያመልጠዋል። ስልኩን በማቆሚያ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ወዳለው የፊት ጥግ አስጠግቶ፣ ከተቀመጡ ተማሪዎች ራስ ከፍ አድርጎ፣ አግድም አስተኝቶ መተው ይሻላል። መስኮቱ ከካሜራው ጀርባ ሲሆን ብርሃኑ የልጆቹን ፊት ያሳያል፤ ካሜራው መስኮቱን ፊት ለፊት ካየ ሁሉም ጥላ ይሆናል። ስልኩ «የበረራ ሁነታ» ላይ ይሁን፤ መሐል ላይ ጥሪ ከገባ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል። ለዚህ ሥራ 720 ፒክስል ይበቃል፤ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንደ ስልኩ አጨማመቅ ከ1.5 እስከ 2.5 ጊጋባይት ይወስዳል። ከፍ ባለ ጥራት ቀርጾ ወደ አሮጌ ፍላሽ ለመገልበጥ የሚሞክር ሰው ፍላሹ ፋት32 (FAT32) በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ስልት የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል እንደማይቀበል ይወቅ። የደብተር ጽሑፍ በቪዲዮ አይነበብም፤ ከትምህርቱ በኋላ የጥቂት ተማሪዎችን ገጽ ፎቶ ማንሳት ይቀላል።

ከምስሉ ይልቅ የሚከሽፈው ድምፁ ነው። በክፍት ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ በክፍል ውስጥ ደግሞ ከግድግዳና ከጣሪያ የሚመለሰው ማስተጋባት ቃላቱን ያደፈርሳል። ስለዚህ ጮክ ብሎ የሚናገረው መምህር ይሰማል፣ ዋናው ነገር ማለትም የተማሪው ማብራሪያ አይሰማም። መፍትሔው ሁለተኛ ስልክ ነው፦ በድምፅ መቅጃነት ብቻ፣ በአንድ ቡድን መሐል፣ ታጥፎ በተቀመጠ ጨርቅ ላይ። ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ እርሳስ በወደቀ ቁጥር ነጎድጓድ ይቀዳል። ሁለቱም መቅዳት ከጀመሩ በኋላ አንዴ ማጨብጨብ ነው፤ ድምፁና ምስሉ በኋላ በዚያ ጭብጨባ ይገጣጠማሉ።

ካሜራ የሌለውም ቢሆን ድምፅ ብቻውን ብዙ ይነግረዋል። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያሳተመቻቸው ጥናቶች የተሠሩት በቴፕ ቅጂ ነበር። መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ የሚታገሡት አንድ ሰከንድ ገደማ እንደሆነ፣ ትዕግሥቱ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፍ ሲል ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝም፣ «አላውቅም» ማለትና ዝምታ እንደሚቀንስ አሳይታለች። ይህን በራስ ቅጂ ላይ በሰዓት መለካት ማንም ይችላል።

ሙሉውን 40 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማየት ጊዜ ማባከን ነው። መጀመሪያ መምህሩ ብቻውን ይየው፤ ስለ ድምፁ፣ ስለ አቋቋሙ፣ ስለ ልብሱ ያለው ኀፍረት በዚያ ያልቃል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይያዝ፦ ለምሳሌ «ተማሪ ሲሳሳት ምን አደርጋለሁ?»። ለጥያቄው የሚስማማ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆረጥ። ከተቆረጠው ውስጥ ሁለት ደቂቃውን ቃል በቃል መጻፍ አሰልቺ ቢሆንም የሚተካው የለም። ማን ተጠየቀ፣ የት ተቀምጧል፣ ስንት ሰከንድ ተጠበቀ፣ መልሱን ተከትሎ መምህሩ «ጎበዝ» አለ ወይስ «እንዴት አወቅህ?» ብሎ ጠየቀ። «ገባችሁ?» ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፤ ድምፁን ዘግቶ ምስሉን ብቻ ያየ ሰው ስንቱ አፍ እንዳልተንቀሳቀሰ ይቆጥራል። አሁን አሁን የክፍል ንግግርን ወደ ጽሑፍ ቀይረው የመምህሩን ድርሻ በመቶኛ የሚያወጡ ፕሮግራሞች አሉ። ልጆች ተደራርበው ሲናገሩ ይሳሳታሉ፤ ደግሞም የንግግሩ መጠን ስለ ይዘቱ አይናገርም።

ውይይቱ ከአራት እስከ ስድስት በሆኑ መምህራን፣ በአንድ መሪ ይካሄድ። ቅደም ተከተሉ ይከበር፦ መጀመሪያ የታየውና የተሰማው ብቻ ይነገር፣ ቀጥሎ ተማሪው ምን ተረድቶ እንዲህ እንዳለ፣ ስለ አማራጭ መነጋገር የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው። «እኔ ብሆን ኖሮ» የሚለው አነጋገር ለመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ይከልከል፤ ክፍሉን ሳያይ የሚመክር ሰው ውይይቱን ይዘጋዋል። ባዶ ውዳሴም ያው ነው። የትምህርት ተመራማሪዎቹ ሚርያም ሼሪንና ኤልዛቤት ቫን ኤስ የሂሳብ መምህራን የክፍል ቀረጻቸውን አብረው በሚያዩባቸው «የቪዲዮ ክበቦች» ላይ ባደረጉት ጥናት የመምህራኑ ትኩረት መምህሩ ካደረገው ወደ ተማሪው አስተሳሰብ የዞረው በተደጋጋሚ ስብሰባ ነው። አንድ ጊዜ ታይቶ የሚተው ቪዲዮ ይህን አያመጣም።

ከውይይቱ የሚወጣው ለውጥ አንድ ብቻ ይሁን፤ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመሳሳይ ትምህርት ተቀርጾ ከቀድሞው ጎን ይታይ።

ይህ ሁሉ የሚፈርሰው ፋይሉ ለሥራ አፈጻጸም ምዘና የተወሰደ ቀን ነው። መምህሩ ከልጆቹ ጋር የተለማመደውን የታይታ ትምህርት ያስቀርጻል፤ ስሕተት የማይታይበት ቪዲዮ ደግሞ የሚጠና ነገር የለውም። ስለዚህ ፋይሉ በመምህሩ እጅ ይቆይ፣ የሚሰረዝበት ቀን አስቀድሞ ይጻፍ፣ በቴሌግራም አይላክ፤ ከቡድን ወደ ቡድን የተላለፈን ቅጂ ማንም አይሰበስበውም። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይጠየቅ። ወላጁ ያልፈቀደለት ልጅ ከትምህርቱ አይቀር፤ ካሜራው በማያይበት በኩል ይቀመጥ፣ ድምፁ የተሰማበት ቦታም ይቆረጥ።

ትምህርት ቤቶች ካሜራ ከመግዛታቸው በፊት ለዚህ ሥራ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ በፕሮግራማቸው ላይ ያስገቡ። ከሥራ ሰዓት ውጭ የተተወ ውይይት ሦስተኛው ስብሰባ ላይ አይደርስም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመምህራን አሠልጣኝ