ለእሁዱ የሱሉልታ ጉዞ፦ መስመር አነዳደፍ

ውድ አባላት፣

በራይድ ዊዝ ጂፒኤስ (የብስክሌት መስመር መንደፊያ ሶፍትዌር) መስመር ስትነድፉ ካርታውን በደንብ አቅርባችሁ ነጥቡን በምትሄዱበት በቀኙ አስፋልት ላይ አስቀምጡ። መሃሉ በተከፈለ መንገድ ላይ ነጥቡ ማዶ ካረፈ፣ ሶፍትዌሩ እስከ ቀጣዩ አደባባይ ወስዶ ይመልሳችኋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኪሎ ሜትር ሁሉ ይዛባል። መስመሩ ላይ የደርሶ መልስ ጭራ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ርቀቱ ከአዲሱ ገበያ በዜሮ ይጀምር። የመታጠፊያ ዝርዝሩ ላይ «ስም የሌለው መንገድ» የሚለውን እንዳለ አትተዉት፤ «ማደያውን አልፎ ወደ ግራ» ብላችሁ በሚታይ ምልክት ተኩት። መንገዱ ስለተጠማዘዘ ብቻ ዝርዝሩ ውስጥ የገቡትን መታጠፊያዎች ሰርዙ።

መስመሩን ለጂፒኤስ መሣሪያ ስታወርዱ ቲሲኤክስ (TCX) የሚባለውን የፋይል ዓይነት ምረጡ፤ ሌላው ዓይነት፣ የጂፒኤክስ (GPX) ትራክ፣ የመታጠፊያ ማስታወሻ አይዝም። የመታጠፊያ ዝርዝሩን ወረቀት ላይ በትልቅ ፊደል አትሙ፣ የእንጦጦ ኬላ ዳገት ላይ መነጽር የሚወለውል የለም።