አንድ ደራሲ ከዳር እስከ ዳር ቢነበብ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፤

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ስለሚሰጥበት መንገድ ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ። በጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ ለማስተማር ልምምድ ወደኛ ከሚላኩ አዳዲስ ምሩቃን ጋርም እሠራለሁ። እነዚህ ወጣቶች ትልም፣ መቼት፣ አንጻር ምን ማለት እንደሆነ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ከአንድ ደራሲ ሁለት መጽሐፍ ያነበበ እንዳለ ስጠይቅ ግን አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይመስለኝም። ኮርሶቹ በዘርፍና በዘመን የተከፋፈሉ በመሆናቸው በአንድ ሴሚስተር ብዙ ደራስያንን «መሸፈን» ግድ ይሆናል፤ መምህሩ ቅንጫቢ ያስባዛል፣ ተማሪው ደግሞ ለፈተና የሚበቃውን ማጠቃለያ ከቴሌግራም ያወርዳል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ማወቅን ስለሚጠይቅ ይህንኑ ልማድ አጠንክሮታል።

እኔ የምለው በሦስተኛው ዓመት ቢያንስ አንድ ኮርስ ለአንድ ደራሲ ይሰጥ ነው። ምን እንደሚያስገኝ በናይጄሪያዊው ደራሲ በቺኑዋ አቼቤ ላሳይ። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣውን «ቲንግስ ፎል አፓርት»ን ያላነበበ እንኳ ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ ስለ ኦኮንኮ ሰምቷል። በ1960 የታተመውን «ኖ ሎንገር አት ኢዝ»ን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። በዚህኛው መጽሐፍ የኦኮንኮ የልጅ ልጅ ኦቢ እንግሊዝ አገር ተምሮ ይመለስና ክላራ የምትባል ልጅ ሊያገባ ይነሳል። ክላራ ኦሱ ናት፤ ማለትም ለአማልክት ተሰጥተዋል ተብለው ከሌላው ሕዝብ ጋር እንዳይጋቡ ከተገለሉት ወገኖች የተወለደች ናት። የኦቢ አባት አይዛክ ዕድሜውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያንን ያገለገለ ሰው ሆኖ ሳለ ጋብቻውን ይቃወማል። መጽሐፉን ለብቻው ያነበበ ተማሪ አይዛክን ግትር ሽማግሌ ነው ብሎ ያልፈዋል። የመጀመሪያውን ያነበበ ግን ይህ ሽማግሌ ያኔ ንዎዬ ይባል የነበረው ልጅ መሆኑን፣ እንደ ወንድሙ ያየው የነበረውን ኢኬመፉናን አባቱ ሲገድልበት ልቡ ተሰብሮ ኋላ ወደ ሚስዮናውያኑ መሄዱን ያውቃል። በዚያው መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያኒቱ፣ ሌሎቹ አማኞች እያጉረመረሙም ቢሆን፣ ኦሱዎችን መቀበሏንም ያስታውሳል። ታዲያ የአባቱን ወግ ጥሎ የወጣ ሰው ይህችን አንዷን ለምን ሳይጥላት ቀረ? ጥያቄው ከመምህሩ ማስታወሻ የሚገኝ አይደለም፤ ሁለቱን መጻሕፍት ያነበበ ሰው ራሱ ይደርስበታል። በሸክላና በቆዳ ሥራቸው ሰበብ ጋብቻ ሲነፈጋቸው የኖሩ ወገኖች ባሉበት አገር ላደገ ተማሪ ደግሞ ነገሩ ሩቅ አይሆንበትም።

እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የአቼቤ አራተኛ ልብ ወለድ በመፈንቅለ መንግሥት ያበቃል፤ መጽሐፉ በወጣበት በዚያው ወር ናይጄሪያ ውስጥ እውነተኛው መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ። የቢያፍራ ጦርነት የተባለው የናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ተከተለ፤ ቀጣዩ ልብ ወለድ የታተመው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1987 ነው። ይህን ክፍተት በቅንጫቢ የሚማር ተማሪ ከቶ አያየውም።

መጽሐፍ የለም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ሆኖም የአንድ ደራሲን አራት ሥራዎች በበቂ ቅጂ ማሟላት የሃያ ደራስያንን መጻሕፍት ከማሟላት ይቀላል። ደራሲውም የግድ ከሩቅ መምጣት የለበትም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ከጉራጌ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በቸሃ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1969 በታተመው «ዘ አፈርሳታ» ጎጆ ያቃጠለውን ሰው ለማወቅ አውጫጭኝ የሚቀመጠው ሕዝብ፣ ከጅማ አዲስ አበባ ስንሄድ የምናልፍበት የጉራጌ አገር ሕዝብ ነው። ያንኑ ደራሲ በ«ወጣት ይፍረደው» በአማርኛ፣ በ«ዘ አፈርሳታ» በእንግሊዝኛ አነጻጽሮ ማንበብ ለእኛ ተማሪ የተመቸ ዕድል ነው፤ እስካሁን ለምን እንዳልተጠቀምንበት አይገባኝም።

የመምህሩ ምርጫ በተማሪው ላይ ይጫናል የሚለው ስጋት ከሁሉም የሚበረታ ይመስለኛል። ስለዚህ ደራሲውን የትምህርት ክፍሉ መምህራን በጋራ ይምረጡት፣ በየሁለት ዓመቱም ይቀየር። ምዘናውም ተማሪው ሴሚስተሩን ሙሉ የሚሠራው፣ ቢያንስ ሦስት መጻሕፍትን የሚያያይዝ አንድ ረጅም ጽሑፍ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከጅማ